ላንድሮቨር ወይስ ላንድክሩዘር? በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በር የቆየ ክርክር

ከአዲስ አበባ የሚያስወጡ ሦስት መንገዶች ሦስት ዓይነት መሬት ላይ ያወርዳሉ። በአየር ጤና አድርጎ ዓለምገናንና ሰበታን ያለፈ መንገደኛ በቾ ሜዳ ይደርሳል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጥቁር መረሬ ነው። በአስኮ በኩል ቡራዩን አልፎ ገፈርሳን የተሻገረው የወጨጫን ተራራ ጥግ ይዞ ወደ መናገሻና ሆለታ ያቀናል፤ ከአስፋልቱ ከወረደ ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት የጫካ መንገድ ይጠብቀዋል። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ የወጣውን ደግሞ የሱሉልታ ጨፌ ይቀበለዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ የሚተኛበት፣ ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድ ሜዳ ነው።

ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በጋራዦቻቸውና በሥጋ ቤቶቻቸው አንድ የማያረጅ ክርክር አለ፦ ምንም ሳይጨመርበት፣ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ከመንገድ ውጭ የትኛው ፎር ዊል ይበልጣል? የሰበታው ሰው ሲመልስ በልቡ ያለው ጭቃ ነው። የቡራዩው ድንጋይ፣ የሱሉልታው ዳገት ያስባል። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ የሚያወሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው፤ ክርክሩ ሰባ ዓመት ሙሉ ያላለቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ግን አቋሜን ከመነሻው ልናገር። በዚህ አገር ያሸነፈው ላንድክሩዘር እንደሆነ ማንም ያየዋል፤ ያሸነፈው ግን ጭቃና ገደል በመውጣት በልጦ አይደለም። ያሸነፈው አገራችን ከፍታ ላይ በመቀመጧ፣ መለዋወጫ የትም በመገኘቱና መኪና ይገዙ በነበሩት ሰዎች ማንነት ነው። ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል።

መኪና ወደዚህ አገር የገባው መንገድ ሳይኖር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ አንስቶ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አስረከበ። ጉልበቷ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ፣ ቀጫጭን ጎማ ያላት ይህች መኪና እዚህ መድረሷ በራሱ ገድል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከመኪናው አስቀድመው ስለ መንገድ አስበው ነበር። የማገዶ እንጨት እጥረት ባስጨነቃቸው ጊዜ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አቅደው ያስጠረጉት መንገድ ዛሬ በቡራዩና በሆለታ በኩል የሚያልፈው ነው። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከመፈታት አዳናት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መንገዱ ግን ቀረ።

ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር መኪና በሐበሻ ክረምት ምን እንደሚደርስበት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው የፋሽስት ጦር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ ዝናብና የተናደ መንገድ ገተረው። ዘመናዊ ነኝ ያለው ጦር አካፋና ገመድ ይዞ መንገድ ሲጠግንና ካሚዮን ሲጎትት ሰነበተ፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መንገድ ለመሥራት ያን ያህል የተጣደፈው ይህን ጭቃ ስላየ ጭምር ይመስለኛል። ወደ ጅማ፣ ወደ ነቀምትና ወደ ጎጃም የዘረጋቸው መንገዶችም ከአዲስ አበባ ሲወጡ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ነበር የሚያልፉት።

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ትንሽ መኪና ለዓለም ያስተዋወቀው ጂፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ማምረት ተጀመረ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ዊሊስና ፎርድ ከ600,000 በላይ ሠሩ። ሞተሩ 60 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም። ይህን የክብደት ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በቾ ስንደርስ እንፈልገዋለን። የኢትዮጵያ ወታደር ከጂፕ ጋር በደንብ የተላመደው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ዘምቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር በተሰለፈበት ዘመን ነው። ከዚያም በአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ጂፕ የጦር ሰፈራችን መኪና ሆነ። ገበሬው ጋ ግን አልደረሰም፤ የመኮንን መኪና ሆኖ ቀረ።

ገጠሩን የያዘው ላንድሮቨር ነው። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻው ላይ በትርፍነት የተሸጠ የጦር ጂፕ ይነዳ ነበር። ሲያረጅበት የሚተካው ሌላ መኪና እንደሌለ አይቶ ራሱ ለመሥራት ተነሳ። በጦርነቱ ማግሥት እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ስለነበር ቦዲውን በአሉሚኒየም ሠሩት፤ መኪናውም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ላሜራው ቀጥ ያለ፣ መስታወቱ ዝርግ፣ የፊትም የኋላም አክሰሉ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነበር። ሲጋጭ በመዶሻ ይቃናል። አንድ መካኒክ ከክሪክና ከጥቂት ቁልፍ በቀር ሳይዝ ግማሹን መኪና ፈትቶ መግጠም ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት ጊዜ የተመቸ ነበር። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ያኔ በአገሪቱ መንገድ ተብሎ የሚቆጠረው 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ለአንድ እንዲህ ሰፊ አገር ከምንም የማይሻል ነው። ስለዚህ መንገድ የሚቀይሰው ቀያሽ ራሱ መንገድ በሌለበት መሄድ ነበረበት። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ባልደረቦች ዲዲቲያቸውን ተሸክመው ቆላ ለቆላ መውረድ ነበረባቸው። ሚሲዮናዊው፣ የመሬት ለኪው፣ የአውራጃ አስተዳዳሪው ሁሉ አራት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ፈለገ። አውራ ጎዳና ሰበታ አጠገብ ዓለምገና ላይ የከፈተው ማሠልጠኛ ደግሞ ባለሙያ ያወጣ ነበር፤ ለማሠልጠኛነት ቦታው በደንብ ተመርጧል፣ በቾ ጎረቤት ነውና።

በዚህ ዘመን ላንድሮቨር ማለት ራሱ የገጠር መኪና ማለት ሆነ። ዕድሜው ከገፋ በኋላም ሰው ማመላለሻ ሆኖ ጣሪያው ላይ በግ፣ ጤፍና ተሳፋሪ አንድ ላይ ጭኖ ሲዳክር ያየ ብዙ ነው። እኔ ላንድሮቨርን የምወደው በዚህ ነው፤ መዋረድን ችሎ የኖረ መኪና ነው።

ሁለት ድካም ግን ነበረበት። የመጀመሪያውን ማንኛውም የድሮ መካኒክ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል፦ ሰሚያስ ይሰብራል። የኋላው አክሰል ውስጥ ጉልበቱን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ለተጫነበት ጭነት ቀጭን ነበር። ሹፌሩ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው ድንጋይ መሃል ተሰክቶ እያለ ፍሪሲዮን በድንገት ከለቀቀ ቷ ይላል። ጥንቁቅ ሹፌር ሳይሰብር ዓመታት ይነዳዋል፤ የመንግሥት መኪና ግን ጥንቁቅ ሹፌር ብቻ አይነዳውም።

ሁለተኛው ድካም የላንድሮቨር ጥፋት ሳይሆን የእኛ ከፍታ ያመጣው ነው፤ የክርክሩም ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሱሉልታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የዘመኑ ላንድሮቨር ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር በፋብሪካው ሰነድ 77 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለእንግሊዝ ኮረብታ ይበቃል። እንጦጦ ኬላ ሲደርስ ግን ስልሳ እንኳ አይሞላም። ስድስት ሰው፣ የድንኳን ጓዝና ሁለት በርሜል ነዳጅ ጭኖ ከሙገር ሸለቆ ዳገት የወጣ ላንድሮቨር በመጀመሪያ ማርሽ ሲያቃስት የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። የናፍጣው ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

አሁን ወደ ጃፓን እንሻገር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ቢጄ የተባለ፣ ጂፕ የሚመስል መኪና ሠራ። ጂፕን መቅዳት ያኔ የብዙዎች ሥራ ነበር፤ ቶዮታ ግን አንድ ነገር ለወጠ፤ ከጭነት መኪናው ላይ 3.4 ሊትር ሞተር አንስቶ ገጠመለት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሙከራ ሹፌሩ ይህን መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አወጣው። ያ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ላይ ነው፤ ጃፓኖቹ ሳያውቁት መኪናቸውን ለእኛ አገር ፈተኑት ማለት ነው። ላንድክሩዘር የሚለው ስም በ1954 መጣ፤ ክቡ መብራትና ነጭ ጣሪያ ያለው ባለ 40 ተከታታዩ በ1960 ወጣ፤ እስከ 1984ም ተመረተ። በቤንዚኑ 40 ውስጥ የነበረው ሞተር 3.9 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ወደ 125 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሱሉልታ ላይ ሩቡን አጥቶ እንኳ ከላንድሮቨሩ ሙሉ ጉልበት ይበልጣል። ሰሚያሱም ወፍራም ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፦ የ40ው ባሌስትራ እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው፤ ነዳጅም ይጠጣል። ብረት ቦዲው በአውሮፓ ክረምት፣ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭበት አገር በዝገት ተበልቶ አልቋል። እኛ ጋ ግን መንገድ ላይ ጨው የሚረጭ የለም፤ የደጋው አየርም ደረቅ ነው። እንግሊዞች በአሉሚኒየማቸው የሚኮሩበት ብልጫ ሰበታና ቡራዩ ላይ ዋጋ የለውም። አንድ መኪና በትውልድ አገሩ የሚወደስበት ነገር ሌላ አገር ላይ ከንቱ ሲሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ላንድክሩዘር ገበያውን ሲወርስ ሞኤንኮ በአስመጪነት፣ የውጭ ድርጅቶች በገዢነት ሠርተዋል። ገጠር ድረስ የሚዘልቅ መኪና የሚፈልግ ሥራም አልጠፋም፤ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ በአገሪቱ የመጨረሻው በሽተኛ ነሐሴ 1968 ላይ እስኪገኝ ክትባት ሰጪዎቹ በመኪናም፣ በበቅሎም፣ በእግርም፣ በሄሊኮፕተርም ተጉዘዋል። በመሃሉ ሥርዓት ተለወጠ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው መኪና ትንሽ ቮልስዋገን እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።

ደርግ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር መኪናውም ዞረ። ኦራል ወታደር ጫነ፤ ዋዝ አዛዡን ያዘ። ዋዝ 469 ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 መገባደጃ ማምረት የተጀመረ፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ከታች ከፍ ብሎ የተሠራ መኪና ነው። ከመንገድ ውጭ ያለው ችሎታ ሊናቅ የሚገባ አልነበረም፤ ብዙዎች ግን ዋዝን ሲያነሱ የሚስቁት በራዲያተሩ መፍላትና በነዳጅ አባካኝነቱ ነው። ስሙ የተበላሸው ከጦርነቱ ጋር በመያያዙም ይመስለኛል፤ በዋዝ የመጣ ሰው መልካም ዜና ይዞ የሚመጣበት ዘመን አልነበረም።

ከሩሲያ ከመጡት ሁሉ ፍርድ የተጓደለባት ላዳ ኒቫ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የምትመረት፣ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት፣ 1,150 ኪሎ ያህል የምትመዝን ትንሽ መኪና ናት። ፊቷም ኋላዋም በባሌስትራ ፈንታ በሞላ ላይ የቆመ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ሁልጊዜ ይሽከረከራሉ፤ ሲቸግር የሚቆለፍ የመሃል ዲፈረንሻል፣ ዝቅተኛ ማርሽም አላት። የከተማው ታክሲ ላዳ ዘመድ በመሆኗ ግን ብዙ ሰው እንደ ቁም ነገር አላያትም።

1977 ዓ.ም. የረሃቡ ዓመት ነው። በጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች ምስል በዓለም ቴሌቪዥኖች ታየ፤ የእርዳታ ድርጅቶች ጎረፉ። በቀጣዩ ወር ቶዮታ የ40ውን ተተኪ፣ ባለ 70 ተከታታዩን ለገበያ አቀረበ። መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ውጤቱ ግን አጋጣሚ አልሆነም። በቀጣዮቹ ዓመታት በር ላይ አርማ የተለጠፈበት፣ ረጅም የሬዲዮ አንቴና ያቆመ ነጭ ላንድክሩዘር የእርዳታ ሥራ መለያ ሆነ። በኋላ ቶዮታ ጅብራልታር ላይ ለተባበሩት መንግሥታትና ለመሰል ተቋማት ብቻ መኪና የሚያዘጋጅ ድርጅት እስከማቆም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በዚህ መኪና ውስጥ የገባው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ስድስት ሲሊንደር አለው፣ ተርቦ የለውም፣ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ እያጎነ ነው የሚወጣው፤ ግን ይወጣል። ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል። ሞቶ የሚያስቀር ዓይነት ብልሽት እምብዛም አያውቅም።

እዚህ ላይ የላንድሮቨር ወገኖች የሚያነሱት ተገቢ ቅሬታ አለ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሌስትራውን ጥሎ በሞላ የቆመ፣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚሽከረከር መኪና አወጣ፤ በ1990 ዲፌንደር የሚለውን ስም ሲያወጣለት ባለ 2.5 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ሞተር ሰጠው። ተርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ የከፍታው ችግር በአብዛኛው ተፈታ ማለት ነው። ከሰበታ ተነስቶ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚወጣውን ዓይነት መንገድ፣ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ያስተከሉት ጽድ መሃል ድንጋይና ሥር እየረገጡ የሚሄዱበትን፣ ከፋብሪካ እንደወጡ ለውድድር ብናቀርባቸው እኔ ገንዘቤን በዲፌንደሩ ላይ ነው የማስይዘው። የሞላው መሳብና መለጠጥ ጎማውን ከመሬት አያለያየውም፤ ባለ 70ው ግን ባሌስትራው ስለደረቀ አንዱን ጎማ አየር ላይ ያንጠለጥላል።

ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ሹፌር ያልሆነ አንባቢም ይወቀው። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበትን ወደሚቀለው ጎማ ይልካል። አንዱ ጎማ መሬት ለቆ ወይም ጭቃ ውስጥ ገብቶ በባዶ ከዞረ፣ ጠንካራ መሬት የረገጠው ጓደኛው ቆሞ ይቀራል። ፎር ዊል የተባለው መኪና ሁለት ጎማ ብቻ እያዞረ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ይቆማል። መፍትሔው ዲፈረንሻሉን መቆለፍ ነው፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚቆልፉት የመሃሉን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚመረተው ሜርሴዲስ ጂ የፊቱንም፣ የመሃሉንም፣ የኋላውንም መቆለፍ ይችላል፤ በወረቀት ላይ ክርክሩን እሱ ባሸነፈ ነበር። ዋጋው ግን ከሰበታ ጋራዥ ክርክር ውጭ ያደርገዋል።

ዲፌንደር እንግዲህ ለምን ተሸነፈ? በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ተርቦውን ይዞ ሲደርስ ሜዳው ተይዞ ነበር። መኪና የሚገዙት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሹፌራቸውንም መካኒካቸውንም በቶዮታ አሠልጥነዋል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው የላንድክሩዘር ዕቃ ከዋናው እስከ ማስመሰያው፣ ከአዲሱ እስከ ተፈታው ይመርጣል። ጅማ መንገድ ላይ የቆመ ላንድክሩዘር ዕቃው በማግሥቱ በአውቶቡስ ይደርስለታል። ዲፌንደር የያዘ ሰው ደግሞ ስልክ ይደውላል፣ ይጠብቃል። መኪና ከመንገድ ውጭ ጎበዝ ነው የምንለው ሄዶ ሲመለስ ከሆነ፣ የሶማሌ ተራ ነጋዴ ከእንግሊዝ መሐንዲስ የበለጠ ድርሻ አለው። የመጨረሻው የድሮው ዲፌንደር ጥር 2016 እ.ኤ.አ. ከሶሊሃል ፋብሪካ ወጣ፤ ባለ 70ው ዛሬም ይመረታል።

አሁን በቾ እንግባ፤ ላንድክሩዘር የሚዋረድበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መረሬ አላት። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላ ነው። አዋሽ ሲሞላ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ለስላሳ ኳስ ነው። እዚህ ላይ ጉልበት ጥቅም የለውም፤ ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው። ወሳኙ ክብደት ነው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው ባለ 70 እስከ አክሰሉ ሲሰጥም፣ አንድ ቶን የምትጠጋው ሱዙኪ ጂምኒ ወይም ኒቫ ቅርፊቱን ሳትሰብር ታልፋለች። የጂፑን ክብደት አስታውሱ ያልኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ በክረምት፣ በበቾ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ማን ያልፋል ብትሉኝ የእኔ መልስ ኒቫ ናት፤ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ።

ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከመንገድ ውጭ የሚባለው ቦታ በቾ ላይ ባዶ መሬት አይደለም፤ የሰው ጤፍ ነው፣ ሽምብራ ነው፣ ጓያ ነው። ሱሉልታም ላይ ጨፌው የከብት ግጦሽ ነው። ለመዝናናት ጭቃ ፍለጋ ቅዳሜ የሚወጣ ባለ መኪና ጎማው የሚቆፍረው መስመር የአንድ ገበሬ የዓመት ልፋት ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲሰጥምም በበሬ ወይም በትራክተር የሚያወጣው ያው ገበሬ ነው፤ ዋጋ ቢያስከፍል አይፈረድበትም።

ሊጠቀስ ብቻ የሚገባው ሌላ ወገን አለ፤ በቁመናው ፎር ዊል የሚመስል፣ በውስጡ ግን የከተማ አውቶሞቢል የሆነ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደተባለው፣ እነዚህም ሲጠየቁ የሚያነሱት ስለ ቁመታቸው ነው። ዝቅተኛ ማርሽ የላቸውም። ከቡራዩ ኮብልስቶን አልፈው የጫካ ዳገት ላይ ፍሪሲዮናቸው ሲሸት ያኔ ዘራቸው ይታወቃል።

ከ2007 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጣው ባለ 200 ላንድክሩዘር፣ ሕዝቡ በሞተሩ ቪ8 እያለ የሚጠራው፣ የተለየ ጉዳይ ነው። ችሎታው የሚካድ አይደለም፤ 4.5 ሊትር ተርቦ ናፍጣው ከፍታ አያውቅም። ክብደቱ ግን ሁለት ቶን ተኩል ያልፋል፤ በቾ ላይ እንዲገባ የሚመክረው ጠላቱ ነው። ደግሞም አብዛኛው ቪ8 ዕድሜውን የፈጀው ከቦሌ አራት ኪሎ ነው። ገበሬ ጋ ለመድረስ ተብሎ የተገዛ መኪና የሥልጣን ምልክት ሆኖ ሲቀር ቶዮታን መውቀስ አይቻልም፤ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ተተኪ ላይ ሞተሩን ወደ ስድስት ሲሊንደር ዝቅ አድርጎታል፤ እዚህ ግን ስሙ አሁንም ቪ8 ነው።

ከሁሉም በፊት የነበረችው በቅሎም ከውድድሩ ልትወጣ አይገባም። አየርላንዳዊቷ ደራሲ ደርቭላ መርፊ በ1959 ዓ.ም. አካባቢ ጆክ ካለችው በቅሎ ጋር የሰሜኑን ተራሮች አቋርጣ ስትጓዝ ላንድሮቨር ሊረግጠው የማይችለውን መንገድ ነው የሄደችው። በቅሎ ግን ከፋብሪካ አትወጣም ብለው ይከራከሩኛል።

አዲሱ ምዕራፍ በ2016 ዓ.ም. ተጀምሯል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ የሰበታና የቡራዩ አስፋልት ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀረ። ለፎር ዊሉ ክርክር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ እንጦጦ ላይ ያለው ጉልበት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አይለይም። ላንድሮቨርን ያንበረከከው፣ ቶዮታን ያነገሠው የከፍታ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የተለየ ሞተር የሚገጥሙ አሉ፤ ያኔ ዲፈረንሻል የሚባል ነገር፣ መቆለፉም አለመቆለፉም፣ አብሮ ይቀራል። የሱሉልታ ወገን እንግዲህ በቀላሉ ይረታል፤ የቡራዩውም ሳይሸነፍ አይቀርም። የሰበታው ግን ገና የሚናገረው አለው፦ ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል፣ መረሬው ደግሞ ክብደት አይወድም። በሐምሌ ወር በበቾ ከቴጂ ማዶ የሰጠመ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው እስኪያልቅ ጎማውን ቢያዞር ቻርጅ የሚያደርግበት ቦታ የለም። ጀሪካን ይዞ በበቅሎ የሚደርስለት ሰውም አያድነውም።